ያው ሙያ፣ ያው ዘዴ፤ ውጤቱ ለምን ይለያያል?

በዚህ ወር ከሀዋሳ ከደረሱን ደብዳቤዎች አምስቱ አንድ ጉዳይ ያነሳሉ፤ በሥነ ልቦና ሕክምና ውስጥ የባለሙያው ጠባይና ችሎታ ምን ያህል ለውጥ ያመጣል የሚለውን። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናል፤ የጸሐፊዎቹን ማንነት የሚያሳብቅ ነገርም አውጥተናል። በመልሶቹ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ታናሽ እህቴ ከእጮኛዋ ጋር ከተለያየች ወዲህ እንቅልፍ አጣች፣ ምግብ ዘጋት፣ ከሥራም ቀረች። መጀመሪያ አንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ወሰድናት፤ አራት ጊዜ ሄዳ «የምለው አይገባውም» ብላ አቆመች። ቀጥሎ በጎረቤት ጥቆማ ሌላ ባለሙያ ዘንድ ጀመረች። ሁለቱም ማስተርስ አላቸው፤ ሁለቱም «ሲቢቲ» በሚሉት፣ ሐሳብንና ልማድን በመለወጥ ስሜትን በሚያሻሽለው የንግግር ሕክምና ዘዴ ነው የሚሠሩት። ከሁለተኛዋ ጋር በስድስተኛው ሳምንት እህቴ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እናታችን የረዳት ጸበሉ ነው ትላለች። እኔ ደግሞ ባለሙያ ከባለሙያ ይለያል ባይ ነኝ። ማናችን ነን ልክ?
(ከታቦር ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ እህታችን፣ አንድን ሰው ብቻ ይዞ የዳነበትን ምክንያት ለይቶ መናገር አይቻልም። ጊዜው፣ ጸበሉ፣ የእናንተ እንክብካቤ፣ ሁለተኛዋ ባለሙያ፣ ሁሉም ድርሻ ሊኖራቸው ይችላል። ብዙ ታካሚዎች አንድ ላይ ሲታዩ ግን የእርስዎ ግምት ጠንካራ ድጋፍ አለው። በእንግሊዝ አገር 119 ባለሙያዎች ያከሟቸውን 10,786 ሰዎች መዝገብ መርምሮ በ2012 የወጣ ጥናት፣ ከውጤቱ ልዩነት 6.6 በመቶ ያህሉ ታካሚው በማን እጅ እንደወደቀ የሚወሰን መሆኑን አሳይቷል። ሌሎች ጥናቶችም ብዙዎቹ ከ5 እስከ 8 በመቶ ባለው ውስጥ ያርፋሉ።

ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ከቀሪው ትልቁ ክፍል የታካሚው የራሱ ጉዳይ ነው፤ የሕመሙ ክብደት፣ ኑሮው፣ አጠገቡ ያሉት ሰዎች። በታወቁት የሕክምና ዘዴዎች መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ በባለሙያዎች መካከል ካለው ያንሳል። በዚያው ጥናት ሌላም ነገር ታይቷል፤ ሕመሙ በከበደ መጠን በባለሙያዎቹ መካከል ያለው ልዩነት ይሰፋል። ቀለል ያለ ጭንቀት ያለበት ሰው ማንም ዘንድ ቢሄድ ሊሻለው ይችላል። ከሥራ እስከ መቅረት ለደረሰ ሰው ግን የባለሙያው ማንነት ብዙ ይወስናል።

ታዲያ ልዩነቱ ከምን ይመጣል? ሰው በመጀመሪያ የሚጠይቃቸው ነገሮች፣ ማለትም ዕድሜ፣ ፆታ፣ የዲግሪ ደረጃ፣ የሥራ ዘመን፣ ውጤቱን እምብዛም አይተነብዩም። የሚተነብየው በክፍሉ ውስጥ የሚታየው ነው። በ2009 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ይህን ደህና አድርጎ አሳይቷል። ለ25 ባለሙያዎች አስቸጋሪ ታካሚዎችን የሚያሳዩ አጫጭር ቪዲዮዎች ቀረቡላቸው፤ አንዱ ታካሚ ይቆጣል፣ ሌላው ይዘጋል፣ ሌላው ተስፋ ይቆርጣል። ባለሙያዎቹ እዚያው በቃል እንዲመልሱ ተደረገ፤ መልሳቸው ተቀርጾ ነጥብ ተሰጠው። የተለካው ንግግራቸው ጥርት ያለ መሆኑ፣ ስሜት የሚሰማበት መሆኑ፣ ማሳመናቸው፣ ተስፋ መስጠታቸው፣ ሙቀታቸው፣ የሰውየውን ልብ ማግኘታቸውና ግንኙነቱ ሲሻክር ማቃናታቸው ነበር። በዚህ ፈተና ከፍ ያለ ነጥብ ያገኙት ከ1,141 ታካሚዎቻቸውም የተሻለ ውጤት አግኝተዋል። በመጠይቅ «ከሰው ጋር ተግባቢ ነኝ» ብለው ለራሳቸው የሰጡት ነጥብ ግን ምንም አልተነበየም። ይህን ልብ ይበሉ፤ ተጫዋችና ደግ ሰው መሆን ብቻውን አይበቃም። የሚቆጠረው ሰው ሲቆጣና ሲዘጋ የሚሰጡት ምላሽ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የሥነ ልቦና ምሁሩ ኤድዋርድ ቦርዲን በ1979 በሦስት የከፈለው የባለሙያና የታካሚ ቁርኝት ነው። አንደኛ መተማመን። ሁለተኛ በግቡ መስማማት፤ ወዴት ነው የምንሄደው? ሦስተኛ በሥራው መስማማት፤ ይህን መልመጃ የምሠራው ለምንድን ነው? በ2018 የተጠናቀረ ትንታኔ 295 ጥናቶችን፣ ከ30,000 በላይ ታካሚዎችን አንድ ላይ አይቶ ቁርኝቱ በጠነከረ መጠን ውጤቱ እንደሚሻል አረጋግጧል። ቀደም ሲል በ2007 የወጣ ጥናት ደግሞ ከዚህ ውስጥ የሚመዝነው የባለሙያው ድርሻ መሆኑን ለይቷል። ከብዙ ታካሚዎች ጋር መግባባት የሚችል ባለሙያ የተሻለ ያድናል። አንድ ባለሙያ የሚመጡለትን ሁሉ «አስቸጋሪ ናቸው» የሚል ከሆነ መጠየቅ ያለበት እሱ ራሱ ነው።

በእህትዎ የመጀመሪያ ሕክምና ምን እንደጎደለ ከዚህ ሆነን አናውቅም። በሲቢቲ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ግን የታወቀ ነው፤ ሰውየው ሐዘኑን ተናግሮ ሳይጨርስ የሐሳብ መመዝገቢያ ቅጽ ይሰጠዋል። ከእጮኛዋ የተለየች ልጅ «ይህ ሐሳብሽ ማስረጃ አለው?» ስትባል የምትሰማው ሙግት ነው፤ ተሳስተሻል የተባለች ይመስላታል። ያው ቅጽ በሦስተኛው ቀጠሮ፣ ጥቅሙ ተነግሯት፣ የራሷን ምሳሌ ይዞ ቢመጣ ሌላ ነገር ነው።

እናታችሁንም አትሟገቱ። ጸበልና የንግግር ሕክምና ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ ጥሩ ባለሙያም ምረጪ አይልም። አደጋው በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት ካለና ሐኪሙ ሳያውቅ ከተቋረጠ ነው።

ጥያቄ፦ በአንድ ትምህርት ቤት የምክር አገልግሎት ባለሙያ ነኝ፤ ማታ ማታ ደግሞ በግል ክሊኒክ እሠራለሁ። አምስት ዓመት ሆነኝ። ሱፐርቫይዘር የለኝም፣ የምሠራው ብቻዬን ነው። በሥራዬ ደህና ነኝ ብዬ አስባለሁ፤ ግን ካለፈው ዓመት የተሻልኩ ስለመሆኔ ማስረጃ የለኝም። ልምድ ብቻውን ያሻሽላል? ምን ልለማመድ?
(ከመናኸሪያ ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ ጥያቄዎ ራሱ ጥሩ ምልክት ነው። በኖርዌይ የተሠሩ ጥናቶች እንደሚያሳዩት በሙያ ችሎታቸው ላይ ጤናማ ጥርጣሬ ያላቸው፣ እንደ ሰው ግን ለራሳቸው ደግ የሆኑ ባለሙያዎች የተሻለ ውጤት ያገኛሉ። ተቃራኒው በጣም የተለመደ ነው። በ2012 በታተመ ጥናት 129 ባለሙያዎች ራሳቸውን ከሙያ ባልደረቦቻቸው ጋር እንዲያነጻጽሩ ሲጠየቁ ከአማካይ በታች ነኝ ያለ አንድም አልነበረም። በአማካይ ለራሳቸው የሰጡት ደረጃ ከመቶው ባለሙያ ሰማንያውን የሚበልጥ ነበር፤ ይህ ደግሞ በሒሳብ ሊሆን አይችልም።

ልምድን በተመለከተ መልሱ ይከብዳል። በ2016 የወጣ ጥናት 170 ባለሙያዎችንና ከ6,500 በላይ ታካሚዎቻቸውን ለዓመታት ተከታትሎ፣ በአማካይ ውጤታቸው ከጊዜ ጋር በጥቂቱ እየቀነሰ እንደሄደ አይቷል። አንዳንዶቹ ግን ተሻሽለዋል። ምክንያቱ ለመገመት አይከብድም፤ አቋርጦ የሄደ ታካሚ ለምን እንደሄደ ተመልሶ አይነግርም። የተመለሰው ደግሞ ያመሰግናል። ባለሙያው የሚሰማው ምስጋናውን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከስህተቱ የሚማርበት መንገድ የለውም። በ2015 የተሠራ ሌላ ጥናት ከሥራ ሰዓት ውጭ ችሎታን ለማሻሻል ብቻ ተብሎ የሚውል ጊዜ ከተሻለ ውጤት ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። የተጠኑት ባለሙያዎች ጥቂት ስለነበሩ እንደ መጨረሻ ቃል አይወሰድ። አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው።

ስለዚህ ከራስዎ ድምፅ ይጀምሩ። ከአንድ ታካሚ በጽሑፍ ፈቃድ ወስደው አንድ ቀጠሮ በስልክዎ ይቅረጹ። ፈቃዱ ለምን እንደሚቀረጽ፣ ማን እንደሚሰማውና መቼ እንደሚጠፋ መግለጽ አለበት፤ «አልፈልግም» ማለት በሕክምናው ላይ ምንም እንደማያመጣም ይንገሩ። ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ተማሪ የወላጅ ፈቃድም ያስፈልጋል። ስልኩ ቁልፍ ይኑረው፤ ቅጂው ወደ ሌላ ስልክ አይላክ፤ ሰምተው እንደጨረሱ ያጥፉት። ማንም ካልፈቀደ ከባልደረባ ጋር በተውኔት መልክ የተሠራ ቀጠሮም ያገለግላል።

ከቅጂው መሃል 10 ደቂቃ ይምረጡና ወረቀት በሦስት ዓምድ ይክፈሉ፤ ጥያቄ፣ የሰሙትን መልሶ ማሰማት፣ ምክር። እያንዳንዱን ንግግርዎን በየዓምዱ ምልክት ያድርጉ። ሰው ለመለወጥ ያለውን የራሱን ፍላጎት የሚያነሳሳው የምክር ዘዴ፣ ሞቲቬሽናል ኢንተርቪውዊንግ፣ ባለው መመዘኛ ለአንድ ጥያቄ አንድ መልሶ ማሰማት ተቀባይነት ያለው ደረጃ ነው፤ ለአንድ ጥያቄ ሁለት ከሆነ ጥሩ ይባላል። በተጨማሪ ከመልሶ ማሰማቱ ግማሽ ያህሉ ታካሚው ያላለውን ግን የተሰማውን የሚጠቁም እንዲሆን ይፈለጋል። «ትምህርት አስጠላኝ» ላለ ልጅ «ትምህርት አስጠላህ» ማለት ቀላሉ ነው። «የምትደክምበት ነገር ዋጋ ያለው አልመስል አለህ» ማለት ደግሞ ወደ ውስጥ ይገባል። ብዙ አማካሪ መጀመሪያ ሲቆጥር የጥያቄው ዓምድ ይሞላል፣ የምክሩ ዓምድ ይከተላል፣ መካከለኛው ባዶ ይሆናል። ጥያቄ ሲደረደር ታካሚው የፖሊስ ምርመራ ላይ ያለ ይመስለዋል፤ መልሱም እያጠረ ይሄዳል።

ቀጥሎ አንድ ችሎታ ብቻ ይምረጡ። ሁለት አይያዙ። መልሶ ማሰማት ከሆነ ባልደረባዎ አንድ ከባድ ዓረፍተ ነገር ይበል፤ እርስዎ ያለ ጥያቄና ያለ ምክር በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ይመልሱ። ያንኑ ዓረፍተ ነገር አምስት ስድስት ጊዜ በተለያየ መልክ ይመልሱት። ሲቀልልዎ ባልደረባዎ ቁጣ ይጨምርበት። ለምሳሌ፦ «እርስዎ ገና ልጅ ነዎት፤ ስለ ትዳር ምን ያውቃሉ?» ብዙዎቻችን ለዚህ የምንሰጠው መልስ ዲግሪያችንን መጥቀስ ወይም ቶሎ ይቅርታ መጠየቅ ነው። የተሻለው እንዲህ ያለ ነው፦ «ያላለፍኩበትን ነገር እንዴት እረዳለሁ ብለው መጠራጠርዎ ተገቢ ነው። እስካሁን ካልኩት ውስጥ ከእርስዎ ኑሮ ጋር ያልገጠመው የቱ ነው?» ድምፁም ይለማመዱት። ቃሉ ትክክል ሆኖ ድምፁ የሚሸሽ ከሆነ ታካሚው የሚሰማው ሽሽቱን ነው።

ከሁሉ ይልቅ ጊዜ ሊሰጡት የሚገባው የግንኙነት መሻከርን ማወቅና ማቃናት ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ጄረሚ ሳፍራንና ክሪስቶፈር ሙራን መሻከርን በሁለት መልክ ይለዩታል፤ ታካሚው ይጋፈጣል ወይም ይሸሻል። ተጋፋጩን ለማወቅ ሙያ አይጠይቅም። የሚሸሸው ነው የሚያመልጠን፣ በተለይ እኛ አገር። «እሺ»፣ «ልክ ነው»፣ «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» ይላል፤ አሥር ደቂቃ ማርፈድ ይጀምራል፤ መልመጃውን «ረሳሁት» ይላል፤ ወሬውን ወደ ሌላ ሰው ያዞራል። በይሉኝታ የተነሳ «ያልከኝ አልተመቸኝም» አይልም፤ ፈገግ ብሎ ቀጠሮ ይይዝና አይመለስም። ስለዚህ መስማማት ሲበዛ መጠርጠር ይልመዱ።

ሲሻክር መጀመሪያ መልመጃውን ያቁሙት። ያዩትን ያለ ወቀሳ ይናገሩ፦ «ስለ አባትህ ካነሳሁ በኋላ ዝም ያልክ መሰለኝ፤ ቸኩዬብህ ይሆን?» የራስዎ ድርሻ ካለ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይመኑት። ከዚያ ዝም ይበሉና ይስሙ፤ እዚህ ላይ ማብራሪያ መስጠት ሁሉንም ያበላሻል፣ ምክንያቱም ታካሚው ቅሬታውን ማውራት ትቶ የእርስዎን ማብራሪያ ወደ መቀበል ይመለሳል። ሲጨርስ መልመጃውን ይቀይሩለት ወይም ለምን እንደሚጠቅም በእሱ ግብ በኩል ያስረዱትና ወደ ሥራው ይመለሱ። ሌላው የሚበላሸው ይቅርታ ሲበዛ ነው፤ ታካሚው እርስዎን ማጽናናት ይጀምራል፣ ቀጠሮውም የእርስዎ ይሆናል።

ስለ ማጽናናት አንድ ነገር እንጨምር። ሰው ሲያለቅስ ቶሎ «አይዞህ» ማለት ባህላችን ነው፣ ከደግነትም ይመጣል። በምክር ክፍል ውስጥ ግን ሰውየው ሳይጨርስ ከመጣ ወሬውን ይዘጋዋል። ጥቂት ሰከንድ ዝም ብለው ፊቱን እያዩ ይቆዩ፤ ቢያስፈልግ «ቀስ በል፣ አለሁ» ይበሉ። ማጽናኛው ከተናገረ በኋላ ይድረስ።

ብቻዎን መሥራትዎን በተመለከተ ሦስት ወይም አራት ባልደረቦች ይፈልጉና በወር ሁለት ጊዜ ለአንድ ሰዓት ተኩል ይገናኙ። በየስብሰባው አንድ ሰው ብቻ አንድ ቅጂ ያቅርብ፤ የታካሚ ስም፣ ሰፈርና የትምህርት ክፍል አይነሳ፣ ሀዋሳ ሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት። ስብሰባው ስለ ታካሚው ሐሜት ወደ መምሰል ሲሄድ «ቀጥሎ የምትለው ምን ነበር? አሁን በለው» ብሎ ወደ ልምምድ መመለስ ነው። ለመመዘኛ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ «ኢኩዊፕ» በሚባለው የጋራ ሥራቸው በነፃ ያቀረቡት «ኤንአክት» የተባለ መሣሪያ አለ። 15 ነጥቦች አሉት፤ እያንዳንዱ ከ1 እስከ 4 ይመዘናል። 1 ታካሚውን ሊጎዳ የሚችል ድርጊት ታይቷል ማለት ነው፤ 3 መሠረታዊው ችሎታ ተሟልቷል ማለት ነው። ታካሚ ሆኖ የሚተውን ሰውና ነጥብ የሚሰጥ ሌላ ሰው ካገኙ ምሽቱን መጠቀም ይችላሉ። መሣሪያው የተሠራው በተለይ አጭር ሥልጠና ለወሰዱ ረዳቶች ነው። እነሱም እንደሚያድኑ በዚምባብዌ የ«ፍሬንድሺፕ ቤንች» ሥራ በ2016 በታተመ ጥናት ታይቷል፤ ተራ የጤና ሠራተኞች፣ ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ እናቶች፣ ከጤና ጣቢያ ደጅ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው በስድስት ቀጠሮ ችግር የመፍታት ሕክምና በመስጠት የሰዎችን ድባቴ በግልጽ ቀንሰዋል።

ጥያቄ፦ የምክር አገልግሎት ልጀምር ነው። ሲዳማ ነኝ፣ አማርኛም እችላለሁ። የራሴ ቋንቋ፣ የራሴ ሃይማኖት ያላት ሴት ባለሙያ ካልሆነች አይጠቅመኝም የሚል ሰው አለ። እውነት ነው?
(ከሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ በብሔር መመሳሰልን ያጠኑ ሥራዎች ተጠናቅረው ሲታዩ ሰዎች የራሳቸውን ወገን ባለሙያ አጥብቀው ይፈልጋሉ፤ በሕክምናው ውጤት ላይ የሚያመጣው ለውጥ ግን ከዜሮ ብዙም አይርቅም። ምርጫዎ መጠየቁና መከበሩ ግን ይጠቅማል፤ ምርጫቸው የተከበረላቸው ሰዎች አቋርጠው የመሄዳቸው ነገር ያንሳል። ስለዚህ ሴት ከሆነች ነፃ ሆነው የሚናገሩት ጉዳይ ካለ ገና ሲመዘገቡ ይጠይቁ፤ አያፍሩ።

ቋንቋው ሌላ ጉዳይ ነው። ሐዘንን የሚናገሩት በሲዳምኛ ከሆነ ያንን ዓረፍተ ነገር በሲዳምኛ ይናገሩት፣ ከዚያ ለባለሙያዋ ፍቺውን በአማርኛ ያስረዱ። ጥሩ ባለሙያ ይህን ራሷ ትጋብዛለች። አስተርጓሚ ካስፈለገ ግን ዘመድ አይሁን፤ በዘመድ ፊት የማይነገረው ነገር ነው ብዙ ጊዜ ሕክምናው የሚፈልገው። የሃይማኖት ሰው ካልሆነች ደግሞ በመጀመሪያው ቀን «እምነቴ ለእኔ እንዲህ ነው» ይበሏትና ምላሿን ይመልከቱ። ለማወቅ ከጠየቀች ደህና ነው። ልታርምዎ ከሞከረች ሌላ ይፈልጉ።

ጥያቄ፦ የ22 ዓመት ልጄ በድባቴ ምክንያት ከዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን አቋርጦ ቤት ገባ። ሰባት ሳምንት አንድ አማካሪ ዘንድ ተመላለሰ። ለውጥ አላየሁበትም። አማካሪው ሲጠየቅ «ጊዜ ይወስዳል» ይላል። ልጄም ሰውየውን ይወደዋል። ልጠብቅ ወይስ ላስቀይር?
(አንድ አባት፣ ከአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ አባታችን፣ ከመቀየር በፊት መለካት ይቅደም። ለድባቴ ፒኤችኪው-9 የተባለ መጠይቅ አለ፤ በነፃ የሚገኝ ነው፣ በአማርኛም ተተርጉሞ በአገራችን ተፈትኗል። ስላለፉት ሁለት ሳምንታት ዘጠኝ ጥያቄዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሞላል፣ ድምሩ እስከ 27 ይደርሳል። በየሁለት ሳምንቱ ልጅዎ ራሱ ይሙላው። ከመነሻው 5 ነጥብ የወረደ ከሆነ እርስዎ ባያስተውሉትም ለውጥ አለ ማለት ነው። ነጥቡ ባለበት ከቆመ ወይም ከወጣ ዕቅዱ መቀየር አለበት። ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ ሞት ሐሳብና ራስን ስለ መጉዳት ነው። እዚያ ላይ ከ0 በላይ ከሞላ ቀጣዩ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ባለሙያ ይጠይቀው፣ ማታ ከሆነም ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት፣ ብቻውንም አትተዉት።

ልጅዎ አማካሪውን መውደዱ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን መተማመኑ ኖሮ ግብና ሥራ ከሌለ ሳምንታዊ ጭውውት ይሆናል። «ጊዜ ይወስዳል» የሚለው መልስ ከፊሉ እውነት ነው። በ1986 የታተመ የታወቀ ትንታኔ ግማሽ ያህሉ ታካሚዎች በ8 ቀጠሮ፣ 75 በመቶ ያህሉ ደግሞ በ26 ቀጠሮ እንደሚሻሻሉ ገምቷል። ስለዚህ ሰባተኛው ላይ አለመዳን ብርቅ አይደለም። የሚያሳስበው አማካሪው በምን እንደሚለካ አለመናገሩ ነው። ባለሙያ በዓይን ብቻ የሚባባስ ታካሚን መለየት አይችልም፤ በ2005 በወጣ ጥናት ከ550 ታካሚዎች 40ዎቹ ተባብሰው ሳለ ባለሙያዎቹ ይባባሳል ብለው የጠቆሙት ሦስቱን ብቻ ነበር፣ ከሦስቱም የተባባሰው አንዱ ነው። ክፉ ስለሆኑ አልነበረም፤ ተስፋ ማድረግ የሙያው ጠባይ ስለሆነ ነው። ነጥብ በየጊዜው ሲቀርብላቸው ግን ያስተካክላሉ።

ልጅዎ በሚቀጥለው ቀጠሮ ሦስት ጥያቄ ይዞ ይሂድ። ግባችን ምንድን ነው? መሻሻሌን በምን እናውቃለን? በአሥረኛው ቀጠሮ ለውጥ ከሌለ ምን እንቀይራለን? ጥሩ አማካሪ በዚህ አይቀየምም። አንዳንዶቹ በየቀጠሮው መጨረሻ አራት መስመር ያላት አጭር ቅጽ ያስሞላሉ፤ ተሰምቻለሁ ወይ፣ በፈለግኩት ጉዳይ ላይ ሠራን ወይ፣ አካሄዱ ተስማማኝ ወይ፣ በጠቅላላው ቀጠሮው ደህና ነበር ወይ። እያንዳንዱ መስመር 10 ነው፣ ድምሩ 40፤ ከ36 በታች ከሆነ ስለ ግንኙነቱ መነጋገር ይገባል። በእኛ አገር ሁልጊዜ 40 መሙላትም መታየት አለበት፤ ይሉኝታ ሊሆን ይችላል። አማካሪው «ዛሬ አንድ ነገር ብንቀይር ምን ይሆን?» ብሎ ቢጠይቅ እውነቱ ይወጣል።

መድኃኒት ያስፈልገው እንደሆነ የአእምሮ ሐኪም ይየው፤ በሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አገልግሎቱ አለ። እርስዎም አማካሪውን ስለ ዕቅዱ ሊጠይቁት ይችላሉ፣ ልጁ ከፈቀደ። ምን ምን እንዳወራ ግን አይጠይቁት። አማካሪው ለአባት ያወራል ብሎ ልጁ ከጠረጠረ የቀረውን አይናገርም።

ጥያቄ፦ 20 ዓመቴ ነው፣ በኢንዱስትሪ ፓርኩ እሠራለሁ። የማማክረው ሰው መጀመሪያ በጣም ረድቶኝ ነበር። አሁን ማታ ማታ ይደውላል፤ ቀጠሮውንም ሐይቁ ዳር ሻይ እየጠጣን እናድርገው ይላል። ባለውለታዬ ስለሆነ እምቢ ማለት ከበደኝ።

መልስ፦ እህታችን፣ ይህ የሕክምናው አካል አይደለም። መጀመሪያ ስለረዳሽ አሁን የሚያደርገው ትክክል አይሆንም፤ እምቢ ማለትሽም ውለታ ቢስ አያደርግሽም። አማካሪ ከታካሚው ጋር የፍቅርም ሆነ የገንዘብ ግንኙነት መጀመር በሙያው ሥነ ምግባር ክልክል ነው። ምክንያቱም ምስጢርሽን ይዟል፣ አንቺ ግን የእሱን አልያዝሽም፤ በእኩል ቆማችሁ መስማማት አትችሉም። ከእርዳታ ቀጠሮ ወደ ሻይ፣ ከሻይ ወደ ሌላ መሄዱ ደግሞ በየአገሩ የታወቀ አካሄድ ነው።

ብቻሽን አታግኚው። ለመልእክቱ ረጅም መልስ አትስጪ፤ «ከዚህ በኋላ አልመጣም» የሚለው ይበቃል፣ ምክንያት የመስጠት ግዴታ የለብሽም። የደወለባቸውን ቀናትና የላካቸውን መልእክቶች አታጥፊ። ከምታምኛት ሴት፣ ጓደኛም ሆነች ታላቅ እህት፣ ጋር ሆነሽ ለሚሠራበት ተቋም ኃላፊ በጽሑፍ አመልክቺ፤ የማመልከቻሽን ግልባጭም ያዢ። ኃላፊው ካልሰማሽ አቤቱታውን ወደ ክልሉ ጤና ቢሮ ውሰጂ። ካስፈራራሽ ወይም ከነካሽ ጉዳዩ የፖሊስ ነው።

የጀመርሽውን ሕክምና ግን አትተይ። አዲሷን ባለሙያ ስታገኚ የሆነውን በመጀመሪያው ቀን ንገሪያት፣ እንዳትደውልልሽ የምትፈልጊበትን ሰዓትም ጨምረሽ። እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ሰው በሚቀጥለው ባለሙያ ሙቀት ሁሉ ስለሚደነግጥ፣ ቀድማ ካወቀች ቀስ ትልልሻለች።